መልስ፦ ነፋስና በረዶ ሲመጣ የቆርቆሮ ቤት እንዴት ይጠበቃል?

ወንድሜ፣ «አዘዞ ቤት ተከራየሁ፣ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል፣ ክረምቱ ሳይገባ ምን ላድርግ?» ላልከው። ጎንደር ላይ ሐምሌና ነሐሴ እስኪደርሱ አትጠብቅ፤ ከአከራይህ ጋር ተነጋግረህ አሁኑኑ ጣራው ላይ ባለሙያ አስወጣ። ነፋስ ቆርቆሮ መገንጠል የሚጀምረው ከጠርዙ ነው። የላላ ምስማር ካለ በባለ ጎማው አስቀይር፣ ሞራሌውንም ከግድግዳው እንጨት ጋር በወፍራም ሽቦ አሳስረው። ድንጋይ ጫንበት የሚሉህን ግን እባክህ አትስማ! አምና ከጎረቤታችን ጣራ ላይ አንዱ ተንከባልሎ ልጆች የሚጫወቱበት ደጃፍ ላይ ሲወድቅ በዓይኔ አይቻለሁ፣ እስካሁን ሳስበው ያስደነግጠኛል። አሸንዳውንም ጥረግ።

መብረቅ ሲጀምር ፍሪጅና ቲቪ ከሶኬት ንቀል፣ ገላ መታጠቡም ይቆይ። ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አትውጣ፣ ዛፍ ስር መጠለልማ ፈጽሞ። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ስልክህን ቀድመህ ቻርጅ አድርግ፣ ውሃም በጀሪካን ያዝ። አንድ ነገር አደራ፦ በረደኝ ብለህ በርና መስኮት ዘግተህ ከሰል እንዳታነድ። ጭስ ባይታይም መርዙ ተኝተህ ሳለ ይገድላል። ቀሃና አንገረብ ዳር ያላችሁም ወንዙ ሲሞላ ለመሻገር አትሞክሩ።