«ሾተላይ ነው» ይሉኛል

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከብቸና አካባቢ ነው። አምስት ዓመት የሞላት ሴት ልጅ አለችኝ። ሁለተኛው ግን አምና በስምንት ወሩ ሆዴ ውስጥ ጠፋብኝ። እንጀራ ልጋግር ምጣዱ ዳር ስቀመጥ ሁልጊዜ ይራገጥ ነበር፣ ያን ቀን ዝም አለ። «ተኝቶ ነው» አሉኝ፣ ሁለት ቀን ቆየሁ፣ ሞቶ ተወለደ። አሁን አራተኛ ወሬን ይዣለሁ። አማቴ «ሾተላይ ነው፣ ለማንም እንዳትናገሪ» ይሉኛል። ጤና ጣቢያ ሄጄ ስለሞተው ልጅ ሳልናገር «ደህና ነሽ፣ በወሩ ነይ» ተብዬ ተመለስኩ። ሌሊት እንቅልፍ የለኝም። ደብረ ማርቆስ ልሂድ ወይስ እንደ ሌላው ሴት ልጠብቅ?

መልስ፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። በእኛ አገር ክርስትና ሳይነሳ ለሞተ ልጅ ለቅሶ አይቀመጡም፤ «ሌላ ይሰጥሻል» ይሉና እናቲቱን ቶሎ ወደ ጓዳዋ ይመልሷታል። አንቺ ግን ስምንት ወር ተሸክመሽዋል። ብታለቅሺለት ነውር የለውም።

ወደ ጥያቄሽ ስመጣ፣ ሂጂ። አትጠብቂ። ስትሄጂ ደግሞ ከሁሉ በፊት ስለ ሞተው ልጅ ተናገሪ። ካርድሽ ላይ ካልተጻፈ የሚያይሽ ባለሙያ አንድ ጤነኛ ልጅ ያላት እናት እንጂ ሌላ አያውቅም። እርግጥ እሱም መጠየቅ ነበረበት፣ የመጀመሪያ ቀን የሚጠየቅ ነገር ነው። በስንት ወሩ እንደሞተ፣ መንቀሳቀስ ያቆመው መቼ እንደሆነ፣ ደም ፈሶሽ ወይም ፊትሽ አብጦ ብርቱ ራስ ምታት ይዞሽ እንደነበር፣ ሁሉንም ንገሪው።

አማትሽ ባዶ ነገር አልተናገሩም። ሾተላይ አለ። መንፈስ ግን አይደለም፣ የደም ነገር ነው። አርኤች በሚባለው የደም ዓይነት የእናት ደም ኔጌቲቭ፣ የአባት ፖዘቲቭ ሲሆን ልጁ የአባቱን ሊይዝ ይችላል። በመጀመሪያው ወሊድ የልጁ ደም ከእናቱ ደም ጋር ይገናኛል፤ ያኔ ሰውነቷ እንደ ባዕድ ቆጥሮት መከላከያ ይሠራል፣ ያ መከላከያ ደግሞ የሚቀጥለውን ልጅ ደም ያጠፋል። የመጀመሪያው ድኖ ተከታዮቹ የሚሞቱት ለዚህ ነው። እናቶቻችን ይህን በዓይናቸው እያዩ ስም አወጡለት።

የእናት ሰውነት ይህን እንዳይሠራ የሚከለክል መርፌ አለ፣ አንቲ ዲ ይባላል። በ28ኛው ሳምንት፣ ከዚያም ልጁ ፖዘቲቭ ከሆነ ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ይሰጣል። ሰውነትሽ መከላከያውን አስቀድሞ ሠርቶ ከሆነ ግን መርፌው አይረዳሽም። ይህ የሚታወቀው ኩምስ በሚባል የደም ምርመራ ነው፤ ከተገኘብሽ ክትትልሽ የማህፀንና ጽንስ ስፔሻሊስት ያለበት ሆስፒታል መሆን አለበት። መርፌው በየቦታው አይገኝም፣ ዋጋውም ቀላል አይደለም፤ ስለዚህ ካሁኑ ጠይቂ።

ሾተላይ ላይሆንም ይችላል። የደም ግፊት፣ ስኳር፣ ወባ፣ ቂጥኝ፣ የእንግዴ ልጅ ቀድሞ መላቀቅ፣ እነዚህም ልጅ ይገድላሉ። ቂጥኝ በፔኒሲሊን ይድናል። ያኔ ግፊት ከነበረሽ ሐኪሙ አስፕሪን ሊያዝልሽ ይችላል፤ የሚጀመረው ከ20ኛው ሳምንት በፊት ስለሆነ አንቺ አሁን ጊዜው አላለፈብሽም። አንዳንዴ ደግሞ ተመርምሮም ምክንያቱ ሳይታወቅ ይቀራል። ያም ቢሆን ቀረብ ያለ ክትትል ይገባሻል። የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆቹ 2016 ለማንኛዋም ነፍሰ ጡር ቢያንስ 8 ጊዜ መታየት አለባት ብሏል፤ ላንቺ ከዚያም ሊበልጥ ይችላል።

ሰባተኛው ወር ከገባ በኋላ የልጁን አመል ታውቂዋለሽ። ከለመደው ከቀነሰ ያኑ ዕለት ሂጂ፣ ሌሊትም ቢሆን። «ተኝቶ ነው» የሚልሽን አትስሚ። ያለፈው ያንቺ ጥፋት አይደለም፣ ያመንሻቸው ሰዎች የነገሩሽን ነው የሰማሽው።

መንገዱን አውቀዋለሁ። በዚህ ጊዜ ጎጃም ውስጥ መንገድ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል፤ ምጥ ደግሞ መንገድ እስኪከፈት አይጠብቅም። ስለዚህ ወርሽ ሳይገባ የእናቶች ማቆያ ስለመግባት ተነጋገሪ። በመንግሥት ጤና ተቋም ክትትሉም ወሊዱም ነፃ ነው። ልጅሽን ማን እንደሚይዝልሽም ካሁኑ ከባለቤትሽ ጋር ተማከሩ።

በዚህ ሳምንት የደም ዓይነትሽን ተመርመሪ፣ ባለቤትሽም ይመርመር። ውጤቱን እንዳወቃችሁ ጻፊልኝ፣ እጠብቃለሁ። ማርያም በሽልም ታውጣሽ።