ከመስፋታችሁ በፊት እዩ፦ በገጠር ጤና ጣቢያ ስለ ጉዳትና የሕክምና ማስረጃ ጥያቄና መልስ

በገጠር ጤና ጣቢያ የምትሠሩ ባልደረቦች የላካችኋቸውን ጥያቄዎች አንብቤአለሁ። አብዛኞቹ በፖሊስ ደብዳቤ ስለሚመጡ ተጎጂዎች ናቸው።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ በስለት የተቆረጠን በዱላ ከተፈነከተ በምን ልለይ?

መልስ፦ የስለት ቁስል ጠርዙ ጥርት ያለ ነው። በዱላ ወይም በድንጋይ የተፈነከተው ግን ጠርዙ የተቦጫጨቀ፣ ዙሪያው የተላላጠ ወይም የበለዘ ይሆናል። ዋናው መለያ ያለው ውስጡ ነው። ቁስሉን በቀስታ ከፈት አድርጋችሁ እዩ። ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው የተሻገሩ ቀጫጭን የሥጋ ክሮች ካሉ ቆዳው ተቀዷል እንጂ አልተቆረጠም። ስለት ቢሆን እነሱንም ይበጥሳቸው ነበር።

ራስና ቅንድብ ላይ በጣም ተጠንቀቁ። እዚያ ቆዳው አጥንቱ ላይ ስለተለጠፈ ዱላም ምላጭ የቆረጠው የሚመስል ስንጥቅ ይተዋል። ከተሰፋ በኋላ ይህን ማንም መልሶ ማየት አይችልም። ደሙን አቁሙ፣ ሕይወት ይቀድማል። ከዚያ ርዝመቱን በሴንቲ ሜትር ለኩ፣ ጠርዙን ጻፉ፣ ቀጥሎ ስፉ።

ጥያቄ፦ ፖሊስ «የበለዘው የስንት ቀን ነው?» ይለናል።

መልስ፦ በቀለም ቀን አትቁጠሩ። ቢጫ ከታየ ብዙውን ጊዜ ከ18 ሰዓት በላይ ሆኖታል፤ ከዚያ አልፎ መገመት አያዋጣም። ደም በቆዳ ሥር ስለሚወርድ ግንባሩን የተመታ ሰው በማግስቱ ዓይኑ ሊበልዝ ይችላል።

ጥያቄ፦ መዳፍና ክንድ ላይ ያለ ቁስል ምን ይነግረናል?

መልስ፦ ሰውየው ሲከላከል የደረሰበት ሊሆን ይችላል፤ በተለይ በትንሿ ጣት በኩል ባለው የክንድ ጠርዝ ላይ ከሆነ። አለመኖሩ ግን «አልተከላከለም» አያሰኝም። ተይዞ ወይም ራሱን ስቶ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ «አንቆኛል» ትላለች፣ አንገቷ ላይ ግን ምንም የለም።

መልስ፦ እባካችሁ እንዲሁ አታሰናብቷት። ታንቆ ምልክት የማይታይበት ሰው ብዙ ነው። የዓይን ሽፋኗን ገልብጡና የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ ቀያይ ነጥቦች ፈልጉ፤ ከጆሮዋ ጀርባም እዩ። ድምጿ ጎርንኖ እንደሆነ፣ ምራቅ መዋጥ አሟት፣ ራሷን ስታ እንደነበር ጠይቁ። እብጠቱ ቆይቶ አየር ሊዘጋ ስለሚችል ከእነዚህ አንዱ ካለ ወደ ሆስፒታል ላኳት።

ጥያቄ፦ ተደፍራ መጥታ ጉዳት ካላገኘንባትስ?

መልስ፦ «አልተደፈረችም» ብሎ መጻፍ ትልቅ በደል ነው። ያያችሁትን ብቻ ጻፉ፦ «በምርመራ ወቅት ጉዳት አልታየም፤ ይህ ግን ጥቃቱ አልደረሰም ማለት አይደለም»። የኤችአይቪ መከላከያው እስከ 72 ሰዓት፣ ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያው እስከ 120 ሰዓት ይሰጣል፤ ሁለቱም በፈጠነ ቁጥር ይሻላል። ደብዳቤ አልመጣም ብላችሁ አታቆዩአት። ልብሷን በወረቀት ከረጢት አድርጉ፤ በፌስታል ይሻግታል።

ጥያቄ፦ ካሜራ የለንም።

መልስ፦ የሰው አካል በእስክሪብቶ ንደፉና ቁስሉን ምልክት አድርጉበት። ከማይንቀሳቀስ ነጥብ ያለውን ርቀት ጻፉ፤ ለምሳሌ «ከግራ ጉልበት 6 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ»። ቀንና ሰዓቱን አስገቡ፣ ፈርሙ፣ አንዱን ቅጂ ካርዱ ውስጥ አስቀሩ።