ከባንክ ወይስ ከወረዳ ገንዘብ ጽሕፈት ቤት?

ውድ ጠያቂያችን፣ በጅማ ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚክስ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ መሆንሽን ገልጸሽ፣ ወደፊት የገንዘብ ሚኒስትር ለመሆን ለምታስብ ተመራቂ ከግል ባንክና ከወረዳ ገንዘብ ጽሕፈት ቤት የትኛው የተሻለ መነሻ እንደሆነ ጠይቀሻል።

በቅድሚያ፣ ሚኒስትርነት ተወዳድረው የሚያገኙት የደረጃ ዕድገት አይደለም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 74 መሠረት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዕጩዎችን ከሁለቱ ምክር ቤቶች አባላት ወይም ከምክር ቤቶቹ ውጭ ብቃት ካላቸው ሰዎች መርጦ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያቀርባል። ስለዚህ ሹመቱን ማቀድ አትችዪም፤ በእጅሽ ያለው ሥራውን ጠንቅቆ ማወቅ ብቻ ነው።

ወደ ቦታው የደረሱት ሰዎች መንገድም አንድ ዓይነት አልነበረም። በ1950ዎቹ የገንዘብ ሚኒስትር የነበሩት የወለጋው ተወላጅ ይልማ ዴሬሳ ለንደን ኢኮኖሚክስ አጥንተው በዲፕሎማትነትም አገልግለዋል። ህንዳዊው ማንሞሃን ሲንግ ከመምህርነት ተነሥተው፣ በመንግሥት የኢኮኖሚ አማካሪነትና በማዕከላዊ ባንክ ገዥነት አልፈው በ1991 እ.ኤ.አ. ተሾሙ። በ2011 ዓ.ም. የተሾሙት አቶ አሕመድ ሺዴ ደግሞ ቀድሞ በዚያው መሥሪያ ቤት ሚኒስትር ዴኤታ ነበሩ። ሦስቱም ከሹመታቸው በፊት የመንግሥትን አሠራር ከውስጥ ያውቁት ነበር።

በዚህ ምክንያት የእኔ ምርጫ ወረዳው ነው። ባንኩ የተሻለ ይከፍላል፤ ቤተሰብ የምትረጂ ከሆነ እሱን ብትመርጪ ማንም አይፈርድብሽም። ነገር ግን ባንክ ውስጥ የአንድን ተበዳሪ አቅም ትመዝኛለሽ፤ ወረዳ ውስጥ ግን ከክልል የመጣው በጀት አብዛኛው ለደመወዝ ሲውል፣ በቀረችው ጥቂት ገንዘብ የጤናው፣ የትምህርቱና የግብርናው ጽሕፈት ቤቶች ሲሻሙ ታያለሽ። ሚያዝያ ላይ የአንዱ የነዳጅ በጀት አልቆ የዝውውር ጥያቄ ይመጣል፤ ከየትኛው የሒሳብ መደብ ተነሥቶ እንደሚሰጠው የሚወስነውን ሰነድ የምታዘጋጂው አንቺ ትሆኛለሽ። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ፣ በሰኔ ወር ሁሉም መሥሪያ ቤት ግዢ ትዝ ይለዋል። (ይህን ወር በአንድ የሒሳብ ክፍል ውስጥ ያሳለፈ ሰው ስለ በጀት ዲሲፕሊን የሚያነበው ሁሉ ሌላ ትርጉም ይሰጠዋል።)

ከዚሁ ጎን ለጎን ትንታኔ መጻፍን ተለማመጂ። ለምሳሌ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ውሳኔው የጅማን ቡና አቅራቢና ከውጭ የሚገባ ማዳበሪያ የሚገዛውን ገበሬ እንዴት ለየብቻ እንደነካ በሁለት ገጽ ጻፊ፤ መምህርሽም ይተቹልሽ። የማስተርስ ዲግሪውን ከሁለትና ከሦስት ዓመት ሥራ በኋላ፣ በመንግሥት ፋይናንስ ወይም በማክሮ ኢኮኖሚክስ ብትማሪው ይበልጥ ይጠቅምሻል።

በመጨረሻ፣ በጅማ ዙሪያ ያሉ ወረዳዎች የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ፣ ደብዳቤና ሪፖርት በቋንቋው አጥርተሽ መጻፍ ካልቻልሽ ከመውጫ ፈተናው ዝግጅት ጋር አብረሽ ከአሁኑ ጀምሪው።