ለአዲስ የማረሚያ ፖሊሶች፣ ቂሙን ለማታ ተረኛ አታስረክቡ

ልጆች ሰላም ናችሁ? ከስልጠና ወጥታችሁ እዚህ ደሴም ሆነ ሌላ ማረሚያ ቤት የተመደባችሁ ይቺን አንብቡልኝ። እድሜዬን የጨረስኩት በዚሁ ስራ ነው፣ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ፣ ግን የናንተ ነገር ያሳስበኛል፣ ምክንያቱም ዛሬም አባል ሲመታ "ምን ይደረግ፣ ስራው ነው" ተብሎ ይታለፋል። ስራው አይደለም!

ፀብ ድንገት የተነሳ ይመስላል እንጂ ብዙ ጊዜ ጠዋት ነው የሚጀምረው። ጠያቂ ከወረኢሉ ከተንታ በሌሊት ተነስቶ ስንቅ ይዞ መጥቶ ከበር ሲመለስ (በቤተሰብ መጠየቅ እኮ በህገ መንግስቱ አንቀጽ 21 ያለ መብት ነው)፣ ረመዳን ላይ ማፍጠሪያ ሲዘገይ፣ ቀጠሮ ያለው ሰው መኪና የለም ተብሎ ፍርድ ቤት ሳይቀርብ ሲቀር፣ ያ ሁሉ ንዴት ማታ ቆጠራ ላይ እናንተ ላይ ይወጣል። ስለዚህ ታራሚውን በስሙ እወቁት፣ ማን መርዶ እንደመጣበት ማን ይግባኙ ውድቅ እንደሆነበት እወቁ፣ ሁሌ ሲንጫጫ የነበረ ክፍል ዝም ካለ ደግሞ ብቻችሁን እንዳትገቡ። የተባበሩት መንግስታት እንደ ፈረንጆቹ በ2015 ያጸደቀው፣ ስለ እስረኛ አያያዝ የሚያወራው የማንዴላ ደንብም ጠባቂ በድርድርና በሽምግልና ፀብ ማብረድን እንዲሰለጥን ይላል።

አንዷን አጥብቄ ልናገር። ጓደኛችሁ ተመታ፣ የመታው ሰውዬ ተይዞ ካቴና ገባለት እንበል። እዛ ጋ አቁሙ። ሀይል የተፈቀደው ራስን ለመከላከል፣ የሚያመልጥን ለማስቆም ወይ ትእዛዝ አልቀበልም ብሎ ለሚታገል ነው፣ እሱም በልኩ። ከዛ በኋላ የምትሰነዝሯት ጥፊ ህገወጥ ናት፣ ደግሞ ክፍሉ ሙሉ እያየ ነው፣ እናንተ ፈረቃ ጨርሳችሁ ቤታችሁ ስትገቡ ቂሙን የሚቀበለው ማታ የሚገባው ልጅ ነው። የመታው በህግ ይጠየቅ፣ ለዛ ግን ማስረጃ ይፈልጋል፣ ሀኪም ጋ ሄዳችሁ ወረቀቱን ያዙ፣ ሰአቱንና ምስክሩን ጽፋችሁ አስገቡ፣ ዛቻም ቢሆን ይጻፍ፣ ፈሪ ይሉኛል ብላችሁ አትደብቁ።

እንግሊዞች እንደ ፈረንጆቹ በ2018 የእስር ቤት ጠባቂን የሚያጠቃ ቅጣቱ እንዲከብድ ህግ አውጥተዋል፣ ጥሩ ነው፣ ግን ቅጣት የሚመጣው ከተመታችሁ በኋላ ነው። ሀላፊዎች፣ እናንተም ካነበባችሁት፣ አንድን ልጅ ለብቻው ያን ሁሉ ሰው አታስጠብቁት፣ የሚሰራ ሬዲዮ ስጡት፣ የተመታውን ደግሞ በማግስቱ እዛው በር ላይ አታቁሙት፣ ቤተሰቡ ጋ ሄዶ ይረፍ።