ቀኑን ሙሉ መሪ ላይ ነኝ፤ ልቤን እንዴት ልጠብቅ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። 46 ዓመቴ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ሚኒባስ ታክሲ እነዳለሁ። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት መሪ ላይ ነኝ። አባቴ በ52 ዓመቱ በድንገተኛ የልብ ሕመም ነው ያረፈው። እኔም ቦርጭ አውጥቻለሁ፤ ደረጃ ስወጣ ትንፋሽ ያጥረኛል። ጂም ለመግባት ጊዜም ገንዘብም የለኝም። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጂም ባይገቡም ልብዎን መጠበቅ ይችላሉ። እንዲያውም ስፖርትና ልብ ያላቸው ግንኙነት ጎልቶ የታየው በእርስዎ ሙያ ላይ ነው። ጄሪ ሞሪስ የተባሉ ብሪታኒያዊ ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር የለንደን አውቶቡስ ሠራተኞችን አጥንተው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1953 አሳተሙ። አውቶቡሶቹ ባለ ሁለት ፎቅ ነበሩ። ሹፌሩ ቁጭ ብሎ ይውላል። ትኬት ቆራጩ ግን ደረጃውን ሲወጣና ሲወርድ ነው የሚውለው። የልብ ሕመም ይበልጥ ያጠቃ የነበረው ሹፌሮቹን ነው። ትኬት ቆራጮቹን የጠቀማቸው ጂም ሳይሆን የዕለት ሥራቸው ነበር።

ሰውነት ሲንቀሳቀስ የደም ቧንቧዎች ይለጠጣሉ፣ ጡንቻ ከደም ውስጥ ስኳር ይወስዳል፤ እንቅስቃሴው ሲዘወተር ደግሞ የደም ግፊት ይቀንሳል። ልብም እየጠነከረ ሲሄድ በአንድ ምት ብዙ ደም ስለሚረጭ ሥራው ይቀልለታል።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። በሳምንት አምስት ቀን ሠላሳ ሠላሳ ደቂቃ ማለት ነው። በአንድ ጊዜ መጨረስም የለብዎትም። ተራ ሲጠብቁ መኪናው ውስጥ አይቀመጡ። ረዳቱ ሰው እየጫነ፣ እርስዎ ፈጠን ብለው ወዲያ ወዲህ ይበሉ። ማውራት እየቻሉ መዝፈን ካቃተዎት፣ ልኩ እሱ ነው። ማታ ከመኪና ማደሪያው እስከ ቤት በእግር ይግቡ። ጫትና ሲጋራ ካለ ግን እባክዎን ያቁሙ፤ ሁለቱም ልብን ይጎዳሉ፣ የእግር ጉዞም አያካክሳቸውም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር አለ። አባትዎ በ52 ዓመታቸው ማረፋቸውና የእርስዎ ትንፋሽ ማጠር አንድ ላይ ሲታዩ ቀላል አይደሉም። ስለዚህ በዚህ ሳምንት አንድ ግማሽ ቀን ከሥራ ይቅሩና ይመርመሩ። ግፊት፣ ስኳር፣ ኮሌስትሮልና የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ (ኢሲጂ) ይታዩልዎት። የግፊት መድኃኒት ከታዘዘልዎት ስፖርት ጀመርኩ ብለው አያቋርጡት።

ደረትዎን ጭምቅ አድርጎ ከያዘዎት፣ ሕመሙ ወደ ግራ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ ከሄደ፣ ቀዝቃዛ ላብ ካጠመቀዎት፣ «ጨጓራ ነው፣ ብርድ ነው» ብለው አይለፉት። መኪናውን ዳር ያዙና ያቁሙ። ተሳፋሪዎቹን ላድርስ አይበሉ። ሌላ ሰው ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ያድርስዎት፤ እርስዎ ግን መሪ እንዳይጨብጡ።