መልስ፦ ራም ኦቨርክሎክ ካደረግኩ (ከተሰራበት ፍጥነት በላይ ካስኬድኩት) በኋላ ዊንዶውስ አልገባ አለኝ

ብሮ አትደንግጥ፣ ራሙ ተቃጥሎ አይደለም። የራሙን ፍጥነት ከ3200 ወደ 3800 በአንዴ አስዘልዬው ዊንዶውስ ሊገባ ሲል ሰማያዊ ስክሪን አሳይቶ ሪስታርት ያደርጋል ካልክ ፍጥነቱን አልቻለውም ማለት ነው፣ ያንተ ፕሮሰሰር ራይዘን 5600 ደግሞ በይፋ የሚደግፈው እስከ 3200 ነው፣ ከዛ በላይ እንደ ዕድልህ ነው፣ 3600 ብዙዎቹ ይችሉታል 3800 ላይ ግን የሚያቅተው ብዙ ነው።

ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ ዊንዶውስ ከመግባቱ በፊት የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ሴቲንግ) መግባት ከቻልክ ሁሉንም ወደ ዲፎልት፣ ማለትም ወደ መጀመሪያው ሴቲንግ መልሰው። ጭራሽ ምስል ካልመጣ ኮምፒውተሩን አጥፍተህ ገመዱን ከሶኬት ንቀል፣ ፓወር በተኑን ትንሽ ተጭነህ ያዝ፣ ከዛ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ሳንቲም የመሰለች ባትሪ አውጥተህ አምስት ደቂቃ ቆይተህ መልሳት። ገመዱን ሳትነቅል ባትሪዋን ብቻ ብታወጣ ሴቲንጉ ላይጠፋ ይችላል፣ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚለፋው።

ሲነሳልህ ባዮስ ውስጥ ኤክስኤምፒ (የራሙ አምራች ያዘጋጀው የፍጥነት ሴቲንግ) ብቻ አብራና ቮልቴጁ ራሙ ላይ ከተጻፈው ጋር አንድ መሆኑን እይ፣ አብዛኛው 1.35 ነው። ከዛ ሜምቴስት86 የሚባለውን ራም መፈተሻ ፍላሽ ላይ ጭነህ ሲሰራ ይደር፣ አንድ ኤረር እንኳን ካሳየ "አንድ ብቻ ናት" ብለህ እንዳታልፈው።

በዲፎልትም ዊንዶውስ እምቢ ካለ ግን የሲስተም ፋይል ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል (ራም ሲሳሳት ስህተቱ ዲስክ ላይም ሊጻፍ ይችላል)፣ በዊንዶውስ ፍላሽ አስነስተህ ስታርትአፕ ሪፔር የሚለውን የዊንዶውስ መጠገኛ ሞክር፣ ፎርማት ለማድረግ አትቸኩል።