ከድምሩ በፊት የክፍያ ቀኑን እይ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደግሜ አነበብኩት። ሁለት ቺፕ አምራቾች በፓተንት (በፈጠራ ባለቤትነት መብት) ሲካሰሱ ቆይተው ታረቁ፤ አንዱ ለሌላው ብዙ ገንዘብ ሊከፍል ነው፤ የተቀባዩን አክሲዮን ዛሬውኑ ብገዛ ያዋጣኛል ወይ ነው ያልከው። እኔ በዚህ ነገር ከስሬበታለሁ፤ የደረሰብኝን ልንገርህ።

ጃንዋሪ 10 ቀን 2011 ፕሮሰሰር (የኮምፒውተር ዋና ቺፕ) የሚሠራው ኢንቴል፣ ግራፊክስ ቺፕ ለሚሠራው ኤንቪዲያ ለፓተንት ፈቃድ 1.5 ቢሊዮን ዶላር ሊከፍል መስማማቱ ተሰማ። ያኔ ቨርጂኒያ ፓርኪንግ እሠራ ነበር። ዜናውን ትኬት በምንቆርጥባት ጠባብ ክፍል ውስጥ ሆኜ በስልኬ አነበብኩት። ጓደኞቼ ለሁለት ተከፈሉ። አንዱ "ኢንቴል እጁን ሰጠ፣ ግዙ!" አለ። ሌላው "ኤንቪዲያ እንደ ኢንቴል ያለ ፕሮሰሰር የመሥራት ፈቃድ ካላገኘ ምኑን አሸነፈ?" ብሎ ሞገተ። እኔ ከመጀመሪያው ጋር ሆንኩ። ለመኪና ያጠራቀምኩትን አውጥቼ በዚያው ሳምንት የኤንቪዲያን አክሲዮን አንዱን ከ20 ዶላር በላይ ገዛሁ። ዓመቱ ሲያልቅ ዋጋው ከ14 ዶላር በታች ነበር።

እርግጥ የወረደው በስምምነቱ ምክንያት አይደለም፤ የዚያ ዓመት ገበያ ራሱ ተናግቶ ነበር። ጥፋቴ ምን እንደገዛሁ አለማወቄ ነው።

የስምምነቱን ሰነድ ቁጭ ብዬ ያነበብኩት ከከሰርኩ በኋላ ነው። ገንዘቡ ለካ በአንዴ የሚመጣ አልነበረም። ለሦስት ዓመት በየዓመቱ 300 ሚሊዮን፣ ከዚያ ለሦስት ዓመት 200 ሚሊዮን። በሒሳብ መዝገቡ ላይ ደግሞ በየሩብ ዓመቱ 66 ሚሊዮን ገደማ ሆኖ ይገባል። ኩባንያው ያኔ በሩብ ዓመት ወደ 1 ቢሊዮን ይሸጥ ስለነበር ትንሽ ይመስላል። ግን ይህ ገንዘብ ወጪ የለውም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ከትርፉ ትልቅ ድርሻ ነበረው። የሩብ ዓመቱን ትርፍ ብቻ የሚያይ ሰው ሁሉም ከቺፕ ሽያጭ የመጣ ይመስለዋል። ፈቃዱ በ2017 ሲያበቃ ያ ገቢም ቆመ።

ጓደኛዬ ያለውም እውነት ነበር። የኢንቴል የራሱ ፕሮሰሰሮች፣ ፍላሽ ሜሞሪና አንዳንድ ቺፕሴቶች (ፕሮሰሰሩን ከሌላው የኮምፒውተር ክፍል ጋር የሚያገናኙ ቺፖች) ከስምምነቱ ውጭ ነበሩ። ጠቡ የተነሳው በ2009 ኤንቪዲያ ለአዳዲሶቹ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ቺፕሴት መሥራት ይችላል አይችልም በሚል ነበር። ገንዘቡ መጣ፣ ያ ሥራ ግን አልተመለሰም።

በኖቬምበር 2009 ኢንቴልና የፕሮሰሰር ተፎካካሪው ኤኤምዲ የታረቁበት ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው። ኢንቴል 1.25 ቢሊዮን ዶላሩን ለኤኤምዲ በአንድ ጊዜ ከፈለ፣ የኤኤምዲ አክሲዮን በዚያን ቀን 20 በመቶ ያህል ዘለለ። ለእኔ ግን ትልቁ ነገር ገንዘቡ አይደለም። ኤኤምዲ ፋብሪካዎቹን ለይቶ ግሎባልፋውንድሪስ የሚባል ኩባንያ ሲያደርጋቸው፣ ኢንቴል "የቆየውን የፈቃድ ውል ጥሰሃል" ብሎት ነበር። ዕርቁ ያንን ስጋት አነሳለት። ቺፑን በሌላ ፋብሪካ እያሠራ እንዲቀጥል መንገዱ ተከፈተለት።

ኤንቪዲያ በኋላ የት እንደደረሰ ታውቃለህ። እኔ በ2012 ሸጬ ወጥቻለሁ፤ እስካሁን ይቆጨኛል። ግን እዚያ ያደረሰው የግራፊክስ ቺፑ ነው፣ የፓተንቱ ገንዘብ አይደለም።

አንተ የላክህልኝ ዜና ድምሩን እንጂ የክፍያውን ጊዜ አይናገርም። የትኞቹ ምርቶች ከፈቃዱ ውጭ እንደሆኑም የለበትም። ኩባንያው ዋናውን ሰነድ ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት እስኪያስገባ ታገስ። ሲወጣ ላክልኝ፣ አብረን እናነበዋለን።